ለፍሪ ሞሽን ኩዊልት ጨርቅ ላይ ንድፍ ማስመር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኩዊልት ማለት የላይኛው ጨርቅ፣ መሃል ያለው ሙሌትና የጀርባው ጨርቅ፣ ሦስቱ ንጣፎች አንድ ላይ ተሰፍተው የሚወጣ ሥራ ነው። ፍሪ ሞሽን ስፌት ላይ ጨርቁን ከሥር የሚገፋው የማሽኑ ጥርስ ይወርዳል ወይም ይሸፈናል። ከዚያ በኋላ ጨርቁን የሚነዳው ማሽኑ ሳይሆን እጃችሁ ነው። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ ዙሪያውን። ነፃነቱ ደስ ይላል። ግን ብዙ ሰው ማሽኑ ፊት ተቀምጦ "እሺ፣ አሁን ወዴት ልሂድ?" የሚለውም እዚሁ ጋ ነው። ቀድሞ ማስመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ማስመሪያ የሚመረጠው ደምቆ ስለታየ ሳይሆን ሥራው ሲያልቅ ሙልጭ ብሎ ስለሚጠፋ ነው። የሚቀጥሉት መልሶች በሙሉ ከዚህ የሚነሱ ናቸው።

ሁልጊዜ ማስመር ግዴታ ነው?

አይደለም። እየተጥመዘመዘ ባዶ ቦታ የሚሞላው ስፌት፣ ስቲፕሊንግ የሚባለው፣ መስመር አይፈልግም። እንዲያውም ብታሰምሩት ይበላሻል። ውበቱ እጅ እንደመጣለት ሲሄድ ነው። ትናንሽ ጠጠር የሚመስሉ ክቦች፣ ቀለበቶች፣ የእንጨት ጅማት የሚመስሉ መስመሮችም እንደዚያው ናቸው።

ማስመር የሚያስፈልገው ዓይን ስህተቱን ወዲያው የሚይዝበት ቦታ ላይ ነው። ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ ካሬ መረቦች፣ ትክክለኛ ክቦች፣ ግራና ቀኙ እኩል መሆን ያለበት አበባ፣ በጠርዙ ዙሪያ የሚደጋገም ሐረግ። እነዚህን በግምት የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ብዙ ዓመት የሰፉ ናቸው።

ታዲያ ምን ያህል ላስምር? ሙሉውን ንድፍ?

አብዛኛው ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ያሰምራል። ከዚያ እያንዳንዷን መስመር ልከተል ሲል እጁ ይደርቃል፣ ስፌቱም ይንቀጠቀጣል።

የላባ ንድፍን ውሰዱ። አስፈላጊው መስመር መሃል ላይ የሚሄደው አከርካሪ ነው። እሱ ጥሩ ሆኖ ከታጠፈ ቅጠሎቹን በእጅ መሙላት ይቻላል። ቅጠሎቹ የት ድረስ እንደሚደርሱ ካሳሰባችሁ ደግሞ በግራና በቀኝ አንድ አንድ የወሰን መስመር ጨምሩ። በቃ። ሦስት መስመር ሆነ ማለት ነው። አንዱ ቅጠል ከጎረቤቱ ትንሽ ቢወፍር ማንም አያየውም። አከርካሪው ከተሰበረ ግን ከሩቅ ይታያል።

ካሬ መረብ ውስጥ የሚሠሩ የተጠማዘዙ ንድፎችም እንዲሁ ናቸው። መረቡን ብቻ አስምሩ። ቅስቶቹን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በዓይን ትወስዷቸዋላችሁ። አንዳንዴ መረቡም አያስፈልግም፤ ማዕዘኖቹ ላይ ነጥብ ማድረግ ይበቃል።

ሙሉውን ማስመር ተገቢ የሚሆነው ንድፉ ሥዕል ሲሆን ነው። ወፍ፣ ፊደል፣ የሰው ፊት የመሳሰሉት።

የማስምረው ሦስቱ ንጣፎች ከመያያዛቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ሁለቱም ይሠራሉ፤ የሚወስነው በምን እንደምታሰምሩ ነው።

ከመያያዛቸው በፊት የላይኛው ጨርቅ ብቻውን ነው። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ መስመሩ ጥርት ብሎ ይወጣል። ከሥር ንድፉን አድርጋችሁ በብርሃን መገልበጥም የምትችሉት በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። ጉዳቱ ምልክቱ ብዙ መቆየት ስላለበት ነው። ንጣፎቹን ስታነባብሩ፣ በመርፌ ቁልፍ ስታያይዙ፣ ማሽን ውስጥ ስትጠቀልሉ ይታሻል። ስለዚህ እዚህ ላይ ጠመኔ አይሆንም። የሚቆይ ነገር ያስፈልጋል።

ከተያያዙ በኋላ ደግሞ ከሥር ሙሌቱ አለ። ለስላሳ ስለሆነ እርሳስ ይሰምጣል፣ ጨርቁም ይጎተታል። ነገር ግን ጠመኔ፣ ስቴንስል (ንድፉ በቀዳዳ የተቆረጠበት ፕላስቲክ)፣ ፕላስተርና ጨርቁን ተጭኖ እጥፋት የሚተው መጫኛ መሣሪያ ጥሩ የሚሠሩት በዚህ ጊዜ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ስፌት ጨርቁን ስለሚሰበስበው፣ ከቦታ ወደ ቦታ እየሄዱ የሚያሰምሩ ሰዎች መስመሩን ከተሰበሰበው ጨርቅ ጋር የማስማማት ዕድል አላቸው።

እኔ ብጠየቅ፣ ዋናውን አጽም ከመያያዙ በፊት፣ ዝርዝሩን ደግሞ ማሽን ፊት ከመቀመጤ በፊት በየቦታው አደርጋለሁ።

ከማስመሪያዎቹ ሁሉ በአንዱ ብቻ ጀምሩ ቢባል የቱ ይሻላል?

ነጭ ጠመኔ። ለደማቅና ለጥቁር ጨርቅ ማለቴ ነው። ዱቄቱን በትንሽ ጎማ የሚያወጣው ዓይነት ቀጭን መስመር ይሰጣል፤ ጠፍጣፋው የልብስ ሰፊ ጠመኔ ጠርዙ ከተሳለ ይሠራል። ለነጭና ለፈዛዛ ጨርቅ በውሃ የሚጠፋው ሰማያዊ ማርከር።

ባለቀለም ጠመኔ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ነጩ ብዙ ጊዜ በብሩሽ ይራገፋል። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ዱቄት ግን አንዳንድ ጨርቅ ላይ ቀለሙን ትቶ ይሄዳል። በተለይ ቀለም ለመያዝ የፈጠነ ነጭ ጥጥ ላይ።

ሳሙናም አለ። ከመታጠቢያ ሳሙና የተረፈችው ቀጭን ስባሪ፣ ደረቅ ሆና፣ ጥቁር ጨርቅ ላይ ጥሩ መስመር ታወጣለች። በሎሽን ወይም በዘይት የተሠራ ሳሙና ግን አይሁን፤ ቅባቱ ጨርቁ ላይ ይቀራል።

"መጀመሪያ ሞክሩ" ሲባል እንዴት ነው የሚሞከረው?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ቁራጭ ጨርቅ ላይ አንድ መስመር ይስልና በእርጥብ ጣት ይነካዋል። ጠፋ ይላል፣ ይቀጥላል። ይህ ሙከራ አይባልም።

ከዚያው ከምትሰፉበት ጨርቅ ቁራጭ ውሰዱ። ኩዊልቱ ላይ ብዙ ዓይነት ጨርቅ ካለ ከእያንዳንዱ። አንድ ቀለም ላይ የጠፋ ምልክት ሌላው ላይ ላይጠፋ ይችላል። ከዚያ ኩዊልቱ የሚያልፍበትን ነገር ሁሉ ቁራጩም ይለፍ። ሥራው ሁለት ሳምንት የሚፈጅ ከሆነ ቁራጩም ከነምልክቱ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ። ከታች ሙሌትና የጀርባ ጨርቅ ይኑረው። በምታጥቡበት ሳሙና ይታጠብ። ይድረቅ። ከደረቀ በኋላ በመስኮት ብርሃን እዩት፤ እርጥብ እያለ ያልታየ ጥላ ሲደርቅ ብቅ ይላል።

ጨርቁ ሲገዛ ያለው ማጠናከሪያ ምልክቱ ከክሩ ጋር የሚኖረውን ግንኙነት ስለሚለውጥ፣ ጨርቁ ቀድሞ የታጠበ ከሆነ ቁራጩም የታጠበ ይሁን።

ሰማያዊው ማርከር በውሃ ጠፍቶ ሲደርቅ ተመልሶ መጣ። ለምን?

አልጠፋም ነበር፤ ወደ ታች ነው የወረደው። መስመሩን በውሃ ስትረጩት ቀለሙ ይሟሟና ሙሌቱ ውስጥ ይገባል። ላይኛው ጨርቅ ሲደርቅ እርጥበቱን ከሥር ይስባል፤ ከእርጥበቱ ጋር ቀለሙም ይወጣል። ስለዚህ ነው አንዳንዴ መስመሩ ቦታውን ለቆ እንደ ደመና ተበትኖ የሚታየው።

መፍትሔው መርጨት ሳይሆን መዘፍዘፍ ነው። ኩዊልቱን በሙሉ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አስገቡት። ሳሙና የለም፣ ሙቅ ውሃ የለም። ውሃውን ቀይራችሁ ድገሙት። ሰማያዊው ከነውሃው ከወጣ በኋላ በሳሙና ማጠብ ትችላላችሁ።

ቅደም ተከተሉን የምለው በምክንያት ነው። የዱቄት ሳሙናና ሶዳ ያለባቸው ማጠቢያዎች ይህንን ቀለም ወደ ቢጫ ወይም ቡናማ ለውጠው ሊያስቀሩት ይችላሉ። ካውያ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ሰማያዊ መስመር ያለበትን ጨርቅ ከተኮሳችሁ መስመሩ ሊጋገርና የማይለቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅድሚያ መተኮስ፣ ቀጥሎ ማስመር፣ ከዚያ ወዲያ ካውያ ወደዚያ ጨርቅ አይጠጋም፤ እስኪታጠብ ድረስ። ለፀሐይና ለሙቀት ተጋልጦ ለወራት እንዲቀመጥም አታድርጉ።

በካውያ ሙቀት የሚጠፋው እስክሪቢቶስ? ሁሉም ሰው ይወደዋል።

ይወደዳል፣ ምክንያቱም ያመቻል። መስመሩ ቀጭን ነው፣ በጥርት ይታያል፣ ካውያ ሲያልፍበት ብን ይላል። በጣም የታወቀው የፓይለት ኩባንያ ፍሪክሽን ነው። ግን የተሠራው ለወረቀት ነው፤ ወረቀት ላይ ደግሞ የሚያጠፋው ጫፉ ላይ ያለው ላስቲክ ሲፈትግ የሚፈጥረው ሙቀት ነው።

ዋናው ነገር፣ ቀለሙ ጨርቁን ለቆ አይወጣም። 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ቀለም አልባ ይሆናል እንጂ እዚያው ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲያልፍ መመለስ ይጀምራል፤ ከዜሮ በታች 20 ሲደርስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኩዊልታችሁ ክረምቱ ከባድ ወደሆነ አገር የሚላክ ከሆነ ይህን አስቡበት።

ሌላው ችግር ጥቁርና ደማቅ ጨርቅ ላይ ነው። ቀለሙ ሲጠፋ የነጣ የሚመስል ፈዛዛ መስመር ሊቀር ይችላል። ያንን ካውያ አያነሳውም። አንዳንዴ ቢታጠብ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴ ይቀራል። ፍርዴን ከጠየቃችሁኝ፣ ስፌት የሚሸፍነው ቦታ ላይና ለመቁረጫ ምልክት ግሩም ነው። በሙሉ ኩዊልት ፊት ላይ ግን አልጠቀምበትም። ቁራጩን ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሌሊት አሳድራችሁ ያያችሁት ነገር ካላስደነገጣችሁ ግን ምርጫው የእናንተ ነው።

በነገራችን ላይ በተቃራኒውም ይሠራል። መስመሩ ሳይሰፋ በስህተት ከጠፋባችሁ ፍሪዘር ይመልሰዋል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ኩዊልት ምልክቱን ሊያጣ ይችላልና ይህን ማወቁ አይከፋም።

ሐምራዊው፣ በራሱ ጊዜ የሚጠፋው ማርከር?

ዛሬ አስምራችሁ ዛሬ የምትሰፉት ነገር ላይ ጥሩ ነው። እንደ ጨርቁና እንደ አየሩ እርጥበት ከጥቂት ሰዓት እስከ ሁለት ቀን ይቆያል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ምሳ በልታችሁ ስትመለሱ ላታገኙት ትችላላችሁ። ከጠፋም በኋላ ቅሪቱ ጨርቁ ላይ ስላለ ሳይተኮስ በፊት ይታጠብ።

ተራ እርሳስ ይሆናል?

ለእጅ ስፌት ሲሠራበት የኖረ ነው። ለማሽን ግን ሁለት ችግር አለው። የእርሳሱ ዱቄት ይታሻል፤ ነጭ ክር ሲያልፍበት ደግሞ ግራጫ ይሆናል። የግድ ካላችሁ ጠንካራ እርሳስ፣ በደንብ የተቀረጸ፣ በስሱ። ለጥቁር ጨርቅ የብር ቀለም ያለው እርሳስ አለ፤ ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው። ለጨርቅ ተብለው የተሠሩ ቀጭን ባለ ነጭ ሊድ እርሳሶች ከሁለቱም ይሻላሉ።

መደበኛ እስክሪቢቶና ቋሚ ማርከር፦ በጭራሽ።

ጠመኔው ሳልሰፋው ይራገፋል። ምን ላድርግ?

ጠመኔ የተሠራው እንዲራገፍ ነው፤ ስለዚህ ጠባዩን ተቀብላችሁ ሥሩ። ሙሉ ኩዊልት በአንድ ጊዜ አታስምሩ። አንድ ብሎክ (ኩዊልቱ ከተገጣጠመባቸው ካሬዎች አንዱን) አስምራችሁ ስፉ፣ ቀጥሎ ሌላው። ማሽን ፊት ተቀምጣችሁ ክንድ የሚደርስበትን ያህል ብቻ።

የማስመሪያው ቅደም ተከተልም ይረዳል። ከመሃል ወደ ውጭ ስለምትሰፉ፣ መሃሉ ላይ ያለውን መጀመሪያ። ውጪው እስኪደርስ ድረስ ሳይሰመር ይቆይ።

የፀጉር ስፕሬይ እየረጩ ጠመኔውን የሚያስይዙ አሉ። ይሠራል። ግን ስፕሬዩ አቧራ ስለሚስብና ጨርቁን ስለሚያደርቅ ኩዊልቱ የግድ መታጠብ አለበት። መታጠብ የማይችል ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ሥራ፣ አትሞክሩት።

ጨርቁን ምንም ቀለም ሳይነካው ማስመር ይቻላል?

ይቻላል፤ እኔ በጣም የምወደውም ይህን መንገድ ነው። ምንም ካልጻፋችሁ የሚያስጨንቅ ማጥፋት የለም።

የመጀመሪያው መጫኛ መሣሪያ ነው። ጃፓኖች ሄራ የሚሉት፣ የቅቤ ቢላ የሚመስል ጠፍጣፋ ፕላስቲክ። ቀጥ ያለ ማስመሪያ (ሩለር) አስደግፋችሁ ጫን አድርጋችሁ ስትጎትቱት ጨርቁ ላይ የሚያብለጨልጭ እጥፋት ይተዋል። ቀጥታ መስመር ላይ ወደር የለውም። በጥጥ ሙሌት ላይ እጥፋቱ ለብዙ ቀን ይቆያል፤ የሚነፋ የፖሊስተር ሙሌት ላይ ግን ቶሎ ይመለሳል። ብርሃኑ ከጎን ይሁን። ከላይ በቀጥታ የሚመጣ መብራት እጥፋቱን ያጠፋዋል። ዥንጉርጉር ጨርቅ ላይም አይታይም።

ሁለተኛው የወረቀት ፕላስተር ነው። ጠርዙን ተከትላችሁ ትሰፋላችሁ፣ ነቅላችሁ ወደሚቀጥለው ትወስዱታላችሁ። ፕላስተሩ ላይ አትስፉ፤ ሙጫው መርፌውን ያጨማልቀዋል። ጨርቁ ላይም አታሳድሩት። ዛሬ የተለጠፈ ዛሬ ይነቀል፣ በተለይ ሙቀት ባለበት ቤት።

ሦስተኛው ወረቀት። ንድፉን በስስ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ኩዊልቱ ላይ በስፒል ታያይዙታላችሁ፣ ወረቀቱን ጨምራችሁ ትሰፋላችሁ፣ ከዚያ ትቀዱታላችሁ። ችግሩ መቅደዱ ነው። ሰፊ ንድፍ ላይ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ስፌት ላይ በመንቀሻ ፍርፋሪ መልቀም ይሆናል። ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ወይም በቀለም የሳላችሁት መስመር መርፌው በወጋ ቁጥር ወደ ጨርቁ ሊገባ ይችላል። ይህን የሚያስቀር አንድ ብልሃት አለ። አራት አምስት ስስ ወረቀት ደርድሩ፣ ከላይ ብቻ ንድፉ ያለበት ይሁን። ማሽኑን ክር ሳታስገቡ በንድፉ ላይ ስፉት። ከታች ያሉት ወረቀቶች ቀለም የሌለው፣ በቀዳዳ ብቻ የተሰመረ ንድፍ ይዘው ይወጣሉ። የተበሳ ስለሆነም ለመቅደድ ይቀላል።

በውሃ የሚሟሟ ስስ ፕላስቲክም አለ፤ ይሰፋበትና ሲታጠብ ይጠፋል። እዚያ ላይ የምትስሉበት ማርከርም በውሃ የሚጠፋ መሆኑን አትርሱ። ፕላስቲኩ ሲሟሟ ቀለሙ የሚሄደው ኩዊልቱ ላይ ነው።

አራተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። የጀርባው ጨርቅ ትልልቅ አበባ ወይም ግልጽ ሥዕል ያለው ከሆነ፣ ኩዊልቱን ገልብጣችሁ ከጀርባ የሥዕሉን ጠርዝ ተከትላችሁ ስፉ። ንድፉ ተስሎላችሁ ነው የመጣው። ፊት ላይ የሚታየው የታችኛው ክር እንደሚሆን ብቻ አስታውሱ፤ ቀለሙን በዚያ ምረጡ፣ የክር ውጥረቱንም ቀድማችሁ ቁራጭ ላይ አስተካክሉ።

ወረቀት ላይ ያለኝን ንድፍ እንዴት ወደ ጨርቁ ላሳልፈው?

ጨርቁ ፈዛዛ ከሆነና ገና ካልተያያዘ፣ ወረቀቱን መስኮት መስታወት ላይ ለጥፉት፣ ጨርቁን ከላይ፣ ከዚያ ገልብጡ። የንድፉን መስመር በጥቁር ወፍራም ማርከር ካደመቃችሁት በጣም ይቀላል። የመስታወት ጠረጴዛ ካለ ከሥሩ መብራት ማድረግ ክንድን ያሳርፋል።

ጨርቁ ጥቁር ከሆነ ወይም ሦስቱ ንጣፎች ከተያያዙ ብርሃን አያልፍም። ያኔ በመብሳት ነው። ከላይ እንዳልኩት ክር በሌለው ማሽን፣ በአሮጌ መርፌ፣ ስፌቱን 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ አድርጋችሁ ወረቀቱን በንድፉ ላይ ብሱት። የወረቀቱን ጀርባ ስትዳስሱት ሻካራ ነው፤ የቀዳዳው ጠርዝ ተነስቷል። በስሱ ብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ካደረጋችሁት ቀዳዳው ይከፈታል። ከዚያ ኩዊልቱ ላይ አስቀምጣችሁ የጠመኔ ዱቄት በያዘ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ እሹት። አትምቱት፣ እሹት። ሲመታ ዱቄቱ ይበተናል። ወረቀቱን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሱ፤ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ንድፉ ይቀራል።

ቱልም ይሠራል፤ ያ የሙሽራ ቬል የሚሠራበት መረብ። ንድፉን በቋሚ ማርከር ቱሉ ላይ ሳሉት፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ኩዊልቱ ላይ ዘርግታችሁ በጠመኔ ወይም በሚጠፋ ማርከር መስመሩን ደግማችሁ ሂዱበት። ቀለሙ በመረቡ ቀዳዳ ያልፋል። ሲታጠፍ ቦታ አይፈጅም፤ ለዓመታት ደጋግማችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

የተገዛ ስቴንስል ካላችሁ፣ ቀዳዳዎቹ መሃል መሃል ላይ የተቋረጡት ፕላስቲኩ እንዳይበታተን ነው። ስትሰፉ ክፍተቱን ዝም ብላችሁ ተሻገሩ።

ብሎኬ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ንድፉንም 30 ላድርገው?

27 ወይም 28 ይበቃል። ስፌት መጋጠሚያው ጋ ጨርቁ ስለሚደራረብ የማሽኑ እግር እዚያ ላይ ሲወጣ ይንገጫገጫል። ዙሪያውን ትንሽ ትንፋሽ ስጡት፤ ለዓይንም ያምራል።

ጠርዙ ላይ የሚደጋገመው ንድፍ ማዕዘኑ ጋ አልገጥም አለኝ።

ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ ስታሰምሩ ስለመጣችሁ ነው። ሁልጊዜ ከሁለቱም ማዕዘኖች ወይም ከመሃል ይጀመራል፤ ስህተቱ ሁሉ መጨረሻ ላይ እንዳይጠራቀም።

በቁጥር እንየው። የጠርዙ ርዝመት 150 ሴንቲ ሜትር፣ ንድፉ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ሰባት ተኩል ጊዜ ይገባል። ተኩሉ ነው ችግሩ። ንድፉን ወደ 18.75 ብታሳንሱት ልክ ስምንት ይሆናል። ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ 94 በመቶ ማለት ነው። ወይም ወደ 21.4 አሳድጋችሁ ሰባት ታደርጉታላችሁ። ማዕዘኑ ላይ የተለየ ንድፍ የምትሠሩ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስቀምጡና የተረፈውን ርዝመት አካፍሉ።

ሒሳብ ለማይወድ ሰው ወረቀት አለለት። በጠርዙ ርዝመት ልክ ረጅም ወረቀት ቆርጣችሁ ሁለት እጠፉት፣ እንደገና ሁለት፣ እንደገና ሁለት። ስምንት እኩል ክፍል። ጠርዙ ላይ አድርጋችሁ እጥፋቶቹ ጋ ነጥብ ጣሉ። የጨርቁን ርዝመት በሐሳብ የነበረውን ሳይሆን አሁን ያለውን ለኩ፤ ብዙ ጊዜ ይለያያሉ።

ዥንጉርጉር ጨርቅ ላይ ምንም ምልክት አይታየኝም።

ወረቀት ወይም ፕላስተር ተጠቀሙ። ግን አንድ ነገር ጠይቁ፤ ምልክቱ ካልታየ ስፌቱስ ይታያል? ዥንጉርጉር ጨርቅ የረቀቀ ንድፍ ይውጣል። እዚያ ቀላል የመሙያ ስፌት አድርጋችሁ ድካማችሁን ለሜዳማው ጨርቅ አቆዩት።

አስምሬ እንኳ መስመሩ ላይ መሄድ አቃተኝ።

መርፌውን እያያችሁ ነው መሰለኝ። መኪና የሚነዳ ሰው ጎማውን አያይም። ዓይናችሁ ከመርፌው አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቀድሞ፣ የምትሄዱበት ቦታ ላይ ይሁን። እጅ ዓይንን ይከተላል።

ማሽን ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ንድፉን ወረቀት ላይ ደጋግማችሁ ሳሉት፣ እርሳሱን ሳታነሱ። ከየት ተጀምሮ በየት እንደሚዞር እጃችሁ ከለመደው ግማሹ ሥራ አልቋል። መንገዱ ውስብስብ ከሆነ መነሻውን በነጥብ፣ አቅጣጫውን በትንሽ ቀስት አመልክቱ።

ከመስመሩ ስትወጡ ደግሞ በድንገት አትመለሱ። ቀስ ብላችሁ በሰፊ ቅስት ተጠጉት። በድንገት የተመለሰ ስፌት ስብራት ሆኖ ይቀራል። ቀስ ብሎ የተመለሰው ግን ምልክቱ ታጥቦ ሲጠፋ የሚያወዳድረው መስመር ስለሌለ ማንም አያውቀውም። መፍታት ያለበት ስህተት ምልክቱ ከጠፋም በኋላ የሚታየው ብቻ ነው።

ሐር፣ ቬልቬት ወይም ጸጉራም ጨርቅ ላይስ?

ሐር የውሃ ነጠብጣብ ይይዛል፤ ስለዚህ በውሃ የሚጠፋ ማርከር አይሆንም። ቬልቬት ላይ መጫኛ መሣሪያና ካውያ ጸጉሩን ያስተኛሉ። ለሦስቱም ከላይ የሚቀደድ ወረቀት ይሻላል፤ ጸጉራም ጨርቅ ላይ ደግሞ ወረቀቱ እግሩ በጸጉሩ እንዳይያዝ ይረዳል።

ምልክቱ አልለቅ አለ። ምን ልሞክር?

መጀመሪያ የማይሞከረውን፦ በረኪና፣ ሙቅ ውሃና ማድረቂያ ማሽን። ምን ዓይነት ምልክት እንደሆነ ሳይታወቅ ሙቀት ከነካው ተስፋው ይቀንሳል።

ጠመኔ ከሆነ በደረቁ በለስላሳ ብሩሽ ወይም በቁራጭ ሙሌት እሹት፤ ውሃ ከነካው ዱቄቱ ወደ ክሩ ሊገባ ይችላል። ሰማያዊ ከሆነ ከላይ እንዳልኩት ቀዝቃዛ ውሃ፣ ደጋግሞ፣ ካስፈለገ ሌሊቱን ሙሉ። እርሳስ ከሆነ ለጨርቅ የተሠራ ላጲስ፣ ካልሆነ ጥቂት ጠብታ ለስላሳ የዕቃ ሳሙና በውሃ ቀጥናችሁ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ በመስመሩ አቅጣጫ። ጠንክራችሁ ከፈተጋችሁ የጨርቁ ጸጉር ይነሳና ከምልክቱ የባሰ ይሆናል።

ሁሉም እምቢ ካለ በላዩ ስፉበት። በትንሹ ወፈር ባለ፣ ወደ ምልክቱ ቀለም በተጠጋ ክር ሌላ ዙር ስፌት መጨመር፣ ወይም አጠገቡን ጥቅጥቅ ባለ መሙያ መሸፈን ይቻላል።

ሥራው ሳያልቅ ለወራት ብተወውስ?

ያስመራችሁበትን ነገር ስምና ያስመራችሁበትን ቀን በቁራጭ ወረቀት ጻፉና ኩዊልቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዙት። ከስድስት ወር በኋላ ያ ሰማያዊ መስመር በውሃ ይጥፋ በካውያ አታስታውሱትም፤ ሁለቱን ማምታታት ደግሞ ምን እንደሚያስከትል ከላይ አይተናል። ፕላስተር ካለበት ንቀሉ። ከፀሐይ አርቃችሁ አስቀምጡት። ሰማያዊ ማርከር ከሆነ ደግሞ የተሰፋውን ክፍል አጥባችሁ፣ ቀሪውን ስትመለሱ እንደገና ማስመሩ ይሻላል።